«ሦስት መብራት ከሌለህ ስቱዲዮ አትክፈት» ላለን ወንድማችን

ሰሞኑን ፎቶ አንሺዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። ለፖርትሬት የመጀመሪያ የስቱዲዮ ፍላሽ ለሚገዙ ሰዎች የተሰጠ ምክር ነው። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። የሚልኩልኝ አብዛኞቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ ከሥሩ ሁሌም «እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ አለ። አንዳንዶቹ ለዚሁ ብለው ብድር ሊገቡ ነው። ለየብቻ ከመመለስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ለፖርትሬት ቢያንስ ሦስት መብራት ያስፈልጋል ይላል፤ አንድ ዋና፣ አንድ ፊል፣ አንድ ለባክግራውንድ። እያንዳንዳቸው ከ600 ዋት-ሰከንድ (የፍላሽ ኃይል መለኪያ ነው) ማነስ የለባቸውም። ካሜራ ላይ የሚሰካውን ስፒድላይት «መጫወቻ» ይለዋል። ብራንዱ የአውሮፓ ይሁን፣ አይሞትም፤ የቻይናው ግን ቶሎ ይሞታል። ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚወስንበት) እና ኤችኤስኤስ (ፍላሹን በፈጣን ሸተር የሚያሠራው) የሌለውን እንዳትነኩ። አምብሬላ (ብርሃን የሚበትነው ጃንጥላ) ጊዜው አልፎበታል፣ ትልቅ ሶፍት ቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተጋረደ፣ ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) ግዙ። ይህን ሁሉ የሚሸፍን ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ ፍላሹን ተዉትና ኤልኢዲ ግዙ፤ የምታዩትን ታነሳላችሁ። ዋጋው እዚህ ስለሚወደድም አሜሪካ ያለ ዘመድ ይዞላችሁ ይምጣ። ስታንድ ላይም አትቆጥቡ፤ በአንድ መብራት መሥራት የአማተር ነው። ጽሑፉ ይኸው ነው።

ልጁ ሥራውን የሚያውቅ እንደሆነ ያስታውቃል። ስታንድ ላይ አትቆጥቡ ያለው መቶ በመቶ ልክ ነው። ቀጭን ስታንድ ላይ ትልቅ ሶፍት ቦክስ ሰቅላችሁ ገመዱ የሕፃን እግር ሲይዝ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሌላውን ግን ብዙም አልተቀበልኩትም። በእኔ እምነት ጀማሪ መግዛት ያለበት አንድ መብራት ነው። የተረፈው ገንዘብ ብርሃኑን ለሚቀርጹት ዕቃዎች ይዋል። ምክንያቴን በተራ ልናገር።

ከሦስቱ መብራት ልጀምር። ዋናው ፊትን ያበራል፣ ፊሉ ጥላውን ያለዝባል፣ ሦስተኛው ባክግራውንዱን ወይም ፀጉሩን ይመታል። ትምህርቱ ላይ የሚሳለው ሥዕል እንዲህ ነው፣ ስህተትም የለበትም። ግን የፊሉን ሥራ አንድ ነጭ ፎም ቦርድ ይሠራዋል። ከዋናው መብራት ተቃራኒ፣ ለጉንጩ ቀረብ አድርጋችሁ አቁሙት። ጥላው በዛ ካላችሁ ታስጠጉታላችሁ፣ አነሰ ካላችሁ ታርቁታላችሁ። ገመድ የለው፣ ባትሪ አያልቅበት። ጥላው ጠንከር እንዲል ከፈለጋችሁ ደግሞ በነጩ ፈንታ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥሉበት።

የባክግራውንዱን ሥራ ርቀት ይሠራዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከሰውየው 1 ሜትር፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ፊቱ ላይ ካለው አንድ ዘጠነኛው ነው። ሦስት ስቶፕ ገደማ ማለት ነው (ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ወይም እጥፍ ሲሆን አንድ ስቶፕ ይባላል)። ነጩ የሳሎን ግድግዳ ፎቶው ላይ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሰውየውንም መብራቱንም አንድ ላይ ወደ ግድግዳው ባስጠጋችሁ ቁጥር ግድግዳው እየነጣ ይመጣል። በአንድ መብራትና በአንድ ግድግዳ፣ ወንበሩን እየገፋችሁ ብቻ፣ የተለያየ ባክግራውንድ ታገኛላችሁ። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በቂ ነው፤ የምታነሱትም ሰው ካጣችሁ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

«አንድ መብራት የአማተር ነው» የሚለውም አይገባኝም። ሰይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ማሊ፣ ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቶ የከተማውን ሰው ያነሳው በአብዛኛው በግቢው ውስጥ፣ ጨርቅ ከጀርባ ሰቅሎ፣ በቀን ብርሃን ነው። ፎቶዎቹ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፔንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፔሩ፣ ኩስኮ ሄዶ የአንድ የአገሬውን ሰው ፎቶ ቤት ተከራየና በቀን ብርሃን ሠራ። ሁለቱም ጋ ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ ምንጭ ነው። አንዱን በደንብ ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ሁለት ሲጨመሩለት አይሻለውም፤ ጭራሽ ይምታታበታል። አፍንጫ ሥር ወደ ግራም ወደ ቀኝም የወደቀ ጥላ፣ ዓይን ውስጥ ሦስት ነጭ ነጥብ፣ እንዲህ ያለ የምርቃት ፎቶ አላያችሁም? ሦስቱንም በአንድ ቀን የገዛ ልጅ ጥላው ከየትኛው እንደመጣ አያውቀውም። አንዱን አጥፍቶ እስኪሞክር ደግሞ ደንበኛው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ቦታውም አለ። ጀማሪ የሚሠራው የት ነው? የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ከሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል፣ አለዚያ የወላጆቹ ቤት። ሦስት ስታንድ ከነሶፍት ቦክሱ፣ ገመዱ፣ ማከፋፈያው፣ ከዚያ ሙሽራዋ ከነቬሎዋ፣ ከዚያ ሚዜዎቿ፣ ከዚያ ካሜራ የያዘው። በር ከፍቶ ካልወጣ በቀር ፎቶ አንሺው መቆሚያ የለውም። በጠባብ ክፍል ብርሃኑ ራሱ ግድግዳና ጣሪያ እየነካ ይመለሳል፤ ሳትፈልጉት ፊል አገኛችሁ ማለት ነው። መብራት በበዛ ቁጥር ይህ ከቁጥጥር ይወጣል። ግድግዳው ሎሚ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከተቀባማ ጉድ ነው፤ የልጅቷ ጉንጭ በአንድ ወገን ጎመን መስሎ ይወጣል፣ ኤዲት ላይም በቀላሉ አይስተካከልም። ሦስተኛውን መብራት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ግዙ፤ ወይም አቡጀዲ ጋርዱበት።

ልክ የሆነበትንም ልናገር። ጥርት ያለ ነጭ ባክግራውንድ የሚፈልግ ሥራ አለ፤ የልብስ ካታሎግ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጉርድ ፎቶ። ለዚያ ባክግራውንዱ የራሱ መብራት ቢኖረው ሥራው ይፈጥናል። የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ እነዚህ ከሆኑ ሁለት ግዙ፣ አልከራከርም።

አሁን ወደ 600ው። ዋት-ሰከንድ ማለት ፍላሹ ካፓሲተሩ ውስጥ የሚያጠራቅመው ኃይል ነው። ፊታችሁ ላይ ስንት ብርሃን እንደሚያርፍ በቀጥታ አይነግራችሁም። አምፖሉ፣ ከጀርባው ያለው አንጸባራቂ፣ ከፊቱ የተጋረደው ጨርቅ፣ ርቀቱ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ደግሞ ሒሳቡን እዩት። ከ300 ወደ 600 መሄድ የሚሰጣችሁ አንድ ስቶፕ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 200 ብታደርጉት የምታገኙት ያንኑ ነው፤ ያውም በነፃ። መብራቱን ከ1 ሜትር ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ብታስጠጉትም ያንኑ። ለዚያ ነው እንግዲህ ተጨማሪው ገንዘብ የሚወጣው።

በተቃራኒው ኃይል ሲበዛ ችግር አለው፣ ይህን ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። ከሶኬት የሚሠሩ ርካሽ ፍላሾች ብዙዎቹ ወደ ታች ብዙ አይወርዱም። የቻይናውን የጎዶክስ ኤስኬ400 ሁለተኛውን ብትወስዱ የመጨረሻ ዝቅታው የሙሉ ኃይሉ 1/16 ነው። ባለ 600 መብራት እዚያ ላይ ቢቆም ሊሰጥ የሚችለው ትንሹ 37 ዋት-ሰከንድ ገደማ ነው። በአንድ ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 2 (አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ፣ በሰፊው ከፍታችሁ) ባክግራውንዱን አደብዝዛችሁ ፖርትሬት ላንሳ ብትሉ ይህ ትንሽ የተባለው ራሱ ይበዛል። ለአንድ ስኒ ቡና በርሜል ውሃ እንደማፍላት ነው። በባትሪ የሚሠራው የጎዶክስ ኤዲ200 ግን 200 ዋት-ሰከንድ ሆኖ እስከ 1/128 ይወርዳል፤ አንድ ተኩል ዋት-ሰከንድ ገደማ። ለጠባብ ክፍል የሚመቸው ይህኛው ነው።

600 የሚያስፈልግበት ቦታ አለ ወይ? አለ። እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ላይ ፀሐይን የሚገዳደር ፍላሽ ስትፈልጉ፣ መልስ ላይ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የተሰበሰበ ቤተሰብ ከሩቅ ስታበሩ። ትልቅ መብራት በግማሽ ኃይል ሲሠራ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፣ እሱም ጥቅም ነው። ግን ጸሐፊው ራሱ «ለፖርትሬት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ» ብሎ ነው የጀመረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ፎቶ አንሺዎች ከዋት-ሰከንዱ ይልቅ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ እሱም ነጠላው ነው። ጠይም ወይም ጠቆር ያለ ፊት፣ ከሥሩ በረዶ የመሰለ ነጠላና ሀበሻ ቀሚስ። ፊቱን አይታችሁ ስታበሩ ጥበቡና ሽመናው ይጠፋል፤ ነጠላው ዝርዝር የሌለው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ነጠላውን ለማትረፍ ስትቀንሱ ፊቱ ይጨልማል። ብዙ ልጆች ይህን ኤዲት ላይ ለመፍታት ሌሊቱን ያጋምሱታል። ጽሑፉ መልሱ ተጨማሪ ኃይል ነው የሚል ይመስላል። ኃይል ስትጨምሩ ግን ሁለቱም እኩል ይጨምራሉ፣ ልዩነቱ ያው ነው።

መፍትሔው አቀማመጥ ነው። መብራቱን ከፊቷ ከፍ አድርጉና አስጠጉት። ከፊቷ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ደረቷ ላይ ከወደቀው ነጠላ 1 ሜትር ቢሆን ነጠላው የሚያገኘው ብርሃን በግምት ፊቷ ከሚያገኘው ግማሹ ነው። ያንኑ መብራት 3 ሜትር አርቃችሁ ብታቆሙት ግን ፊቷም ነጠላውም አንድ ዓይነት ሊባል የሚችል ብርሃን ያገኛሉ፤ ልዩነቱ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ቀጥሎ ሶፍት ቦክሱን ወደ ላይ ቀና አድርጉት፤ መሃሉ ከራሷ በላይ ያልፍና ፊቷን ጠርዙ ብቻ ይነካታል፣ ነጠላውን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይነካዋል። አሁንም ከነጣ አንድ ጥቁር ካርቶን ከሶፍት ቦክሱ በታች አግድሙ። ይህን ሁሉ የሠራው አንድ መብራት ነው። ልብ በሉ፣ ባለ 600ው በእነዚህ ርቀቶች በዝቅተኛው ኃይል እንኳ ሊያስቸግር ይችላል፤ እናም ሰዎች አርቀው ያቆሙትና ነጠላው ተመልሶ ይነጣል።

ጠቆር ያለ ቆዳም ቅርጹ የሚታየው ጉንጭ፣ ግንባርና አፍንጫ ጫፍ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ምንጩ ሰፊና ቅርብ ሲሆን ነጸብራቁ ሰፋ ብሎ ለስላሳ ይሆናል። ምንጩ ትንሽና ሩቅ ሲሆን ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ይሆንና ሰውየው ያላበው ይመስላል። የብርሃን ልስላሴ የሚመጣው ከሰውየው አንጻር ካለው ስፋት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ሶፍት ቦክስ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ባለ 180ው በ180 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከሚሰጠው ጋር ልስላሴው ተቀራራቢ ነው። «ትልቁን ግዙ» የሚለው ምክር ቦታ ላለው ሰው ይሠራል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ግን ትልቁ ሶፍት ቦክስ ከፍ የሚልበት ስለሌለው ከጎን ይቆማል፣ ነጠላውንም በደንብ ያገኘዋል።

አምብሬላው በዚህ ውስጥ ተመለሰ ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ በሰከንድ ይከፈታል፣ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ብርሃን በየቦታው ይረጫል የሚለው ወቀሳ ትክክል ነው፣ በጠባብ ክፍል ይህ ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ስፒድላይት መጫወቻ ነው ስለሚለው ብዙ አልልም። አዎ፣ አብዛኛው ሞዴሊንግ ላምፕ (ከተኩሱ በፊት በርቶ የሚቆይ አምፖል) የለውም፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ አታዩም። በሙሉ ኃይል ተከታትላችሁ ብትተኩሱ ይግላል፣ ለመሙላትም ጊዜ ይወስዳል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ሠርግ የሚያነሳ ልጅ ሁሉ አንድ ስፒድላይት ቦርሳው ውስጥ አለው። አምብሬላ ላይ ቢሰካ፣ ሰውየው አንድ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ አይኤስኦ 200 ወይም 400 ቢደረግ ጥሩ ፖርትሬት ይወጣል። ፎቶውን ያየ ሰው በምን እንደተነሳ አይጠይቃችሁም። ደግሞም ይህ ስፒድላይት ነገ ሁለተኛ መብራታችሁ ይሆናል፤ ጸሐፊው አዲስ እንድትገዙ የሚነግራችሁ ሁለተኛ መብራት ማለት ነው።

ይህ ወደ ብራንዱ ይወስደናል። የስዊድኑ ፕሮፎቶ ከ1968፣ የስዊዘርላንዱ ኤሊንክሮም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው። ጥራታቸው አያጠያይቅም፤ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ቀለማቸው አይዋልልም፣ ይህ ደግሞ ለልብስ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ግዙ። ግን «የአውሮፓ ብራንድ አይሞትም» የሚለውን ከየት አመጣው? ቦወንስ የእንግሊዝ ነበር፣ የታወቀ ነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የተረፈው መግጠሚያው ነው። ዛሬ የቻይናዎቹ መብራቶች ብዙዎቹ ሶፍት ቦክስ የሚይዙት በቦወንስ መግጠሚያ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ከስሙ በፊት መግጠሚያውን እዩ። ቦወንስ ከሆነ ያንን ሶፍት ቦክስ ነገ ሌላ ብራንድ ላይም ትሰኩታላችሁ፤ ከጓደኛም ትዋሳላችሁ። የራሱ የተለየ መግጠሚያ ያለው ርካሽ መብራት ላይ ግን ሶፍት ቦክሱ ሲቀደድ ሌላ ፍለጋ ትዞራላችሁ።

ቀጥሎ ትሪገሩ፣ ካሜራው ላይ ሆኖ ፍላሹን የሚያስተኩሰው። ጎዶክስ ከስፒድላይት እስከ ትልቁ ፍላሽ ድረስ ብዙዎቹን በአንድ 2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ያገናኛል። ካሜራው ላይ የተሰካው አንድ ትሪገር የሁሉንም ኃይል ከቦታችሁ ሳትነሱ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። መጀመሪያ የምትገዙት መብራት ሬዲዮ ቀጣዮቹን ይወስንላችኋል፤ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ስትገዙ ትሪገር በትሪገር ላይ መደራረብ ይመጣል። ለሌላ ካሜራ የተሠራ ትሪገር እንዳትገዙ ብቻ ተጠንቀቁ፤ የካኖኑ ለሶኒ በወጉ አይሆንም። የቻይናው ቶሎ ይሞታል የሚለው ርካሹ ላይ ሊሆን ይችላል። ሲሞት ግን መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው የት እንዳለ አስቡ። እኛ አገር ፎቶ አንሺው ሁሉ የያዘው ዕቃ ሲበላሽ ከአንዱ የሞተ መብራት ለሌላው ይወሰዳል። ብርቁ ዕቃ ሲበላሽ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ቲቲኤል። ካሜራው ራሱ ለክቶ የፍላሹን ኃይል ይወስናል ማለት ነው። ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ እየተራመዱ፣ ርቀቱ በየሰከንዱ ሲለዋወጥ ሕይወት አዳኝ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን መብራቱም ሰውየውም ቆመዋል፣ ምኑ ተለውጦ ነው እንደገና የሚለካው? ካሜራው ደግሞ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ጥቁር የምርቃት ጋዋን ሲያይ ጨለማ መስሎት ኃይል ይጨምራል፣ ፊት ይነጣል። ቀጥላ እናትየዋ በነጠላዋ ስትቀመጥ ብዙ ብርሃን መስሎት ይቀንሳል፣ ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ዓይነት ፎቶ። በማኑዋል አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ ብትተዉት መቶውም ፎቶ አንድ ይሆናል።

ኤችኤስኤስም ቦታው ደጅ ነው። ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን ከፍታችሁ ለማንሳት፣ ከሲንክ ስፒድ (ካሜራው ከተራ ፍላሽ ጋር አብሮ ሊሠራበት ከሚችለው የመጨረሻ የሸተር ፍጥነት) በላይ በሆነ ሸተር ስትሠሩ። ክፍል ውስጥ 1/160 ወይም 1/200 ላይ ትቀመጣላችሁ፣ አለቀ። ፍጥነቱን ከዚያ ስታሳልፉት ፎቶው ላይ የሚመጣው ጥቁር ግርዶሽ የመብራቱ ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ የካሜራው ሸተር ነው። ቦሌም እንጦጦም ወጥታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ልጁ ልክ ነው፣ ኤችኤስኤስ ያለውን ግዙ።

ከሁሉም ያልገባኝ የኤልኢዲው ነው። 600 ዋት-ሰከንድ ካልሆነ አይሆንም ያለ ሰው፣ ገንዘብ ካነሳችሁ ኤልኢዲ ግዙ ይላል። አብረን እናስላው። ባለ 200 ዋት ኤልኢዲ በ1/125 ሰከንድ ሸተር ውስጥ የሚያወጣው 1.6 ዋት-ሰከንድ ነው። ባለ 200 ዋት-ሰከንድ ፍላሽ በዚያው ሸተር 200ውንም ያወጣል። 125 እጥፍ። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመለወጥ ከፍላሽ ይሻላል፤ እሺ፣ እጥፍ ይሻላል እንበል። አሁንም ልዩነቱ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። መጫወቻ የተባለው ስፒድላይት እንኳ በዚህ ሒሳብ ኤልኢዲውን ጥሎት ይሄዳል።

ሥራ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? በፍላሽ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8፣ በ1/160 ስታነሱ የሳሎኑ አምፖልና የመስኮቱ ብርሃን ፎቶው ላይ አይታዩም ማለት ይቻላል። ፎቶው ላይ ያለው የእናንተ ብርሃን ብቻ ነው። በኤልኢዲ ግን ከመስኮቱና ከአምፖሉ ጋር ትፎካከራላችሁ፤ ቀለሙ ይደባለቃል፣ አይኤስኦ ይወጣል፣ ሸተር ይወርዳል፣ ሕፃኑ እጁን ሲያወዛውዝ ይደበዝዛል። ኃይለኛ ኤልኢዲ ፊት ላይ አስጠግታችሁ ስትተክሉ ደግሞ እናትየዋ ዓይኗን ታጨማድዳለች። ፍላሽ መብረቅ ብሎ ያልፋል።

መብራት ሲሄድስ? ይህን የኛ አገር ጸሐፊ እንዴት ይረሳዋል? ባለ 200 ዋት ኤልኢዲ አንድ ሰዓት ሲበራ 200 ዋት-ሰዓት ይበላል። ባለ 200 ዋት-ሰከንድ ፍላሽ በሙሉ ኃይል 300 ጊዜ ቢተኮስ የሚወጣው 17 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚባክነውን ብትጨምሩበትም ያን ያህል ርቆ አይሄድም። የኤዲ200 ባትሪ 42 ዋት-ሰዓት አይሞላም፤ ፋብሪካው በአንድ ቻርጅ 500 ሙሉ ተኩስ ይላል። መብራት ኃይል ቀኑን ሙሉ ቢያጠፋባችሁም የቀጠሮው ደንበኛ ፎቶውን ተነስቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዛሬ አንድ መብራት ብቻ ግዛ ብትሉኝ በባትሪ የሚሠራውን የምመርጠው። ከሶኬት የሚሠራው ይረክሳል፣ ሞዴሊንግ ላምፑም ያምራል፤ መብራት በማይቆራረጥበት ሰፈር ላለ ሰው ባለ 300 ወይም ባለ 400ው ጥሩ ነው። ከጄኔሬተር ጋር ስትሰኩት ግን ሞዴሊንግ ላምፑን አጥፉ፤ ኢንቨርተር ከሆነም ፒዩር ሳይን የሚባለውን ፈልጉ።

ቪዲዮ የሚሠራ፣ የቲክቶክ ሥራ የሚቀበል ሰው ኤልኢዲ ይግዛ፤ ፍላሽ ለቪዲዮ ምንም አያደርግለትም። ጀማሪም ብርሃንን እያየ መማሩ ጥቅም እንዳለው አልክድም።

የቀረው የአሜሪካው ዘመድ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ዘመድ መጠየቁን እረዳዋለሁ። ግን አሜሪካ ሶኬቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከሶኬት የሚሠሩ ፍላሾች ብዙዎቹ ለየአገሩ ተለይተው ነው የሚሠሩት። የአሜሪካውን እዚህ በቀጥታ ስትሰኩት አንድ «ጧ!» ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ጭስ። አንድ የማውቀው ልጅ አጎቱ ተሸክሞ ያመጣለትን እንዲሁ አድርጎ ሳጥኑ ሳይጣል አቃጠለው። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ክብደቱንና ዋጋውን ስትደምሩት ግን የረከሰው ነገር ይጠፋል። ዘመድ ካላችሁ ዱባይ ካለው ይሻላል፤ ቮልቴጁ ይገጥማል፣ የሚለወጠው መሰኪያው ብቻ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ባትሪ ያለውን አስመጡ፣ ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን በፎቶ አስልካችሁ እዩ። ባትሪውን ደግሞ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 ላለው የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የእኔ ዝርዝር እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ባለ 200 የባትሪ ፍላሽ፣ የካሜራችሁ ትሪገር፣ ወፍራም ስታንድ፣ ሶፍት ቦክስ የሚይዝ የቦወንስ ብራኬት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሶፍት ቦክስ ወይም አምብሬላ፣ ነጭ ፎም ቦርድ፣ ጥቁር ካርቶን፣ አሸዋ የሞላ ከረጢት ለስታንዱ እግር። ለአሸዋው ገንዘብ አታውጡ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሠራ ቤት አይጠፋም።

ጽሑፉን አምናችሁ ሦስቱን ባለ 600 የገዛችሁ ካላችሁ አትሽጧቸው፣ በኪሳራ ነው የሚሄዱት። አንዱን ይዛችሁ ሥሩ፣ ሁለቱን አስቀምጡ፤ የካታሎግ ሥራ ሲመጣ ይወጣሉ። ለወራት ሳይበራ የተቀመጠ ፍላሽ ግን ካፓሲተሩ ይደክማል። በየወሩ አውጥታችሁ በዝቅተኛ ኃይል ለጥቂት ጊዜ አብሯቸው፣ ቀስ እያላችሁም ተኩሱ። ቢበላሽም ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።